የፈትሉን ዋጋ ሞልተሽ ላኪልኝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ብርዱ ብሷል፤ የደብረ ብርሃኑም እንደማይተናነስ አውቃለሁ፣ ጋቢሽን እንዳትጥይ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን ቢዝነስ ፕላን አነበብኩት። ኢንተርፕረነርሺፕ የሚሉትን የሥራ ፈጠራ ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ሁሉ ይወስደዋል። ብዙው ግን ለውጤት አጥንቶት ፈተናው ሲያልቅ ይረሳዋል። አንቺ ከመንዝ በግ ጸጉር ምንጣፍና ቦርሳ ልሥራ ብለሽ መነሳትሽ ደስ ብሎኛል። እናትሽ ግን "ተመርቃ የመንግሥት ሥራ ብትይዝ ምን አለበት" ማለቷ አልቀረም።

የእሷን ነገር አትናቂው። አይሴክ አይዘን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ አለ። የሥራ ፈጠራ ትምህርትን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። ሰው አንድ ነገር ላድርግ ብሎ የሚነሳው ነገሩን ሲወደው፣ ቅርብ ሰዎቹ ሲደግፉት፣ "እችለዋለሁ" ብሎም ሲያምን ነው ይላል። መውደዱን ጥሩ አስተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሊያመጣው ይችላል። ድጋፉ እኛው ቤት ነው፤ እናትሽን ለእኔ ተዪልኝ። እችላለሁ ማለቱ ግን በሌክቸር ብቻ አይመጣም፤ ይህን የምልሽ ራሴ ጠመኔ ይዤ ስለምውል ነው።

በኔዘርላንድስ ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አወጡ። የኮሌጅ ተማሪዎች ትንሽ ድርጅት አቋቁመው የሚሠሩበትን ፕሮግራም ነበር የፈተሹት። የተማሪዎቹ የራሴን ሥራ ልክፈት የሚል ፍላጎት ጭራሽ ቀንሶ ተገኘ። ይህን አይቶ ትምህርቱ ከንቱ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። ሥራው የሚጠይቀውን አይቶ "ይሄስ ለእኔ አይሆንም" ያለ ልጅ፣ የአባቱን በሬ ሳያሸጥ ነቃ ማለት ነው። አንቺም ሐሳብሽን ብትቀይሪ አልቀየምሽም።

ወደ ፕላንሽ ልመለስ። ገበያው፣ ስዎት የምትሉት የጥንካሬና የድክመት ዝርዝር ምናምኑ ጥሩ ነው። ወጪው ላይ ግን ቆምኩ። ጸጉሩን በኪሎ አስልተሻል፤ ማቅለሚያም ትራንስፖርትም አለ። "ፈትል" ከሚለው ፊት ለፊት ግን ዜሮ ጽፈሻል። ማን ሊፈትለው ነው? እማማን አስበሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ጸጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ሲደርቅ ይፍታታል፣ እንዝርት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ባና ብርድ ልብስ የሚበቃ ፈትል ስንት ምሽት እንደሚፈጅ አብረሻት አምሽተሽ አይተሻል። ለልጅ ልጇ በነጻ ትፈትላለች፤ አንቺም ደስ ይልሻል። ሃምሳ ቦርሳ ሲታዘዝሽስ? ጎረቤት መቅጠርሽ አይቀርም፤ ያኔ የቦርሳው ዋጋ ሌላ ነው። ደግሞ የእኛ በግ ጸጉር ሸካራ ነው። ለምንጣፍ ይሆናል፣ ቦርሳው ግን ገበር ሳይፈልግ አይቀርም። እሱንም ጨምሪበት።

ለክረምት ስትመጪ ሁለት ቦርሳ ብቻ ሥሪ። ለፈታይዋም ለሸማኔውም ክፈዪ፤ ከዚያ ለማያውቅሽ ሰው ሽጪ። አክስትሽ ብትገዛሽ አይቆጠርም፣ እሷ ምን ብትሠሪ ትገዛሻለች። መነሻውን ብር እኔ እሰጥሻለሁ፤ ብድር ነው ታዲያ! እስከዚያው የፈትሉን ዋጋ ሞልተሽ ፕላኑን መልሰሽ ላኪልኝ። እናትሽና እማማ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ