የሚገፋው ወንበር ይቅር

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ጭቃውን አበዛው እንጂ ሌላ የጎደለን የለም።

አባትህ መውደቃቸውን ሰምተህ «ከእንግዲህ ከቤት እንዳይወጡ፤ የሚገፋ ወንበር ገዝቼ እልካለሁ» ማለትህን እኅትህ ነገረችኝ። በስልክ እንዳልመልስልህ አንተ የሰው ነገር አታስጨርስም፤ ስለዚህ ጻፍሁልህ። ወንበሩ ይቅር። ቁጭ ካሉ የባሰ ይወድቃሉ።

ጡረታ እስክወጣ ነርስ ነበርሁና በግምት አልናገርም። ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ እንዲውሉ ተደርጎ ሲለካ፣ ከእግራቸው ጡንቻ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጠፍቶ ተገኝቷል። አባትህ ደግሞ ከጭናቸው የሚቀነስ ትርፍ የላቸውም።

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይኑ፣ የውስጥ ጆሮው እና እግሩ ለአንጎሉ በሚያቀብሉት ወሬ ነው። አንዱ ሲደክም የቀሩት ይሸፍኑለታል። የአባትህን እግር ስኳሩ አደንዝዞታል፤ ድንጋይ ይርገጡ ጭቃ ለይተው አያውቁትም። ቀን ቀን ዓይናቸው እየመራቸው ደህና ይራመዳሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን መሪያቸውም አብሮ ይጠፋል። «ለምን ሌሊት ሌሊት ብቻ?» ላልኸው መልሱ ይኸው ነው። የዓይናቸው ሞራ ሳይገፈፍ መክረሙም አልበጃቸውም፤ ከመስቀል በኋላ እናስገፍፋለን።

ትልቁ ነገር ግን የደም ግፊቱ ነው። የወደቁት ጎረቤት እንዳወራልህ ጭቃ አንሸራትቷቸው አይደለም። ለኪዳን ሊሄዱ ከአልጋቸው ብድግ እንዳሉ ነው ዓይናቸው የጨለመ። በማግሥቱ ተኝተው ስለካቸው የላይኛው 148 ነበር፤ አቁሜ ስለካቸው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ 120 ላይ ወረደ። በ3 ደቂቃ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ መውረዱ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው። ፍልሰታ ስለሆነ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ በአፋቸው አይዞርም፤ የግፊቱ ኪኒን ደግሞ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ነው። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰላቸው። በራሳችን አላቋረጥንም፤ አንተም እንዲያ ብለህ እንዳትመክር። የንስሐ አባታቸው ውኃ እንዲጠጡ ፈቅደዋል። እኔ ስጨቀጭቃቸው የኖርሁትን ቄሱ አንድ ጊዜ ሲናገሩ ሰሙ! አሁን ከመነሣታቸው በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሲጨርሱ ይቆማሉ።

ስለ ጉብጠታቸው «ቀና በሉ በላቸው» ብለሃል። በቁጣ የሚቀና ወገብ የለም። አጥንት ሲሳሳ የጀርባ አከርካሪ እየተደፈጠጠ ይሄዳል፤ ራስ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እርምጃም ያጥራል። እኛን ሴቶችን የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይብሳል። እኔም አጥሬአለሁ፤ ለሠርግህ ያሰፋሁት ቀሚስ ዛሬ መሬት ይጠርጋል። የጀርባን ጡንቻ ማበርታትና የጠዋት ፀሐይ ግን ይረዳሉ።

ዱላውን ነገር ምን ልበልህ? አሁንም ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ሰቅለውበት ይሄዳሉ። የጎጃም ወንድ ዱላ እንደተሸከመ ይወድቃል እንጂ ተደግፎ አይሄድም! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቋሚያ ተደግፈው ሲቆሙ አያፍሩም፤ መንገድ ላይ ግን ነውር ሆነባቸው። የሚያማቸው የግራ ጉልበታቸው ስለሆነ ምርኩዙ በቀኝ እጅ ነው መያዝ ያለበት፤ ቁመቱም እጅ ወደ ታች ሲዘረጋ አንጓቸው ጋ ይድረስ። ምርኩዝ የያዙ እኩያቸውን ቡና ጠርቼላቸዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰማሉ።

እንቅስቃሴውንም ጀምረናል። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለአዛውንቶች ያዘጋጁት የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ መውደቅን በሲሶ ያህል መቀነሱ ታይቷል። ከባድ ነገር የለውም፤ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት እያገጣጠሙ መራመድ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው ያጉረመርማሉ፤ ግን አልተዉትም። በርጩማውን ከሳሎን አውጥቼ ከፍ ያለ ወንበር አስገብቻለሁ።

እንግዲህ ለወንበሩ ያሰብኸውን ብር ላከው። አናጢው ከደጃፍ እስከ ሽንት ቤት የእጅ መደገፊያ ሊሠራ ተስማምቷል። ለሌሊት በፀሐይ የሚሠራ መብራት፣ ለእግራቸው ደግሞ ተረከዙ ዝግ የሆነ፣ ሶሉ የማያንሸራትት 41 ቁጥር ጫማ ፈልግ። ያ ለፋሲካ ያመጣኸው ነጠላ ጫማ ግን እንዳያምርህ፤ ለከብት ጠባቂው ሰጥቼዋለሁ።

እናትህ