ደብዳቤ ለልጄ፦ ጡረታ ስለወጣን የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ። አንቺ የምትሠሪበት፣ በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጡትን መምህራንና ሠራተኞች በአንድ ማዕከል እንደሚያገለግል ከነገርሽኝ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም፤ እኛም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጡረተኞች ተመሳሳይ ማኅበር ለማቋቋም መነጋገር ጀምረናልና።

ንግግሩ የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። የቀድሞ ባልደረቦች የምንገናኘው ከመካከላችን አንዱ ሲያርፍ ብቻ እየሆነ መጥቷል፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን የአራት ኪሎንና የስድስት ኪሎን ዘመን ስናነሣ፣ ሟቹ ያውቅ የነበረውን ነገር ማንም ሳይጠይቀው ይዞት እንደሄደ እንረዳለን።

ማኅበር ማስፈለጉን ሁሉም ይስማማበታል፤ ያላግባባን አባልነቱ ነው። አንዳንዶች ማኅበሩ የመምህራን ብቻ እንዲሆን፣ የአስተዳደርና የቴክኒክ ሠራተኛውም የራሱን እንዲያቋቁም ይፈልጋሉ፤ ከጡረታ በኋላም የሚጸናው የኢመሪተስ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ክብሩ እንዳይቀልም ይሰጋሉ። ማዕረጉ በዕውቀትና በድካም የተገኘ ስለሆነ የሚነካባቸው የለም። እኔ የምቃወመው የዩኒቨርሲቲው ዕውቀት በመምህራኑ ዘንድ ብቻ እንዳለ ተደርጎ መቆጠሩን ነው።

እኔ ያገለገልሁበትን ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች የሚጠበቁበትን ቤት፣ አስቢ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በመጽሐፍ የመመዝገቡ ሥራ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንተኛው ቅጽ ተፈጸመ። በእነዚህ ዓመታት ሊቃውንቱ ዝርያ ለይተው ሲጽፉ፣ መኪናውን ከጭቃ እያወጣ ደጋና ቆላ ያደረሳቸው ሾፌር ነበር፤ የተቆረጠውን ተክል በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ የሚጫን፣ እንዳይሻግትም እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ የሚለውጥ ቴክኒሺያን ነበር፤ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን በመለያ ወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ የሚያሰፍርም ነበር። መለያ የሌለው ናሙና ከድርቆሽ አይሻልም። ዛሬ አንድ ወጣት ተመራማሪ በአሮጌ መለያ ላይ የተጻፈውን የመንደር ስም በካርታ ፈልጎ ቢያጣው፣ ስሙ ተለውጦ ወይም መንደሩ ተነሥቶ ሊሆን ይችላልና፣ ቦታውን ሊያሳየው የሚችለው ያን መንገድ የነዳው ሰው ነው። ያ ሰው ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ በግቢው በር ሲገባ መታወቂያ የሚጠየቅ እንግዳ ነው።

ስለ መዋጮ ብዙ አልጽፍልሽም። የጡረታ አበል ቢበዛ ከአማካይ ደመወዝ 70 በመቶ ስለማይበልጥ፣ ኑሮውም ስለተወደደ፣ ክፍያው ለዘበኛውም የማይከብድ መሆን አለበት። ከዩኒቨርሲቲው የምንጠይቀው አንድ ክፍል፣ የመግቢያ መታወቂያ፣ ቤተ መጻሕፍቱን የመጠቀም ፈቃድና የጡረተኞቹን ዝርዝር ነው። በምላሹ ወጣቶቹ ሲፈልጉን እንድንገኝ፣ የምናውቀውንም በድምፅ እንድናስቀዳ አስበናል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በዕድሜ የገፉት ብዙ ናቸው፤ ሊዘገይ አይገባም።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ጊዜ ስታገኚ ወደ ማዕከሉ ሄደሽ መምህራኑና ሠራተኞቹ በአመራሩ እንዴት እንደሚወከሉ፣ ዩኒቨርሲቲው በጀት ይመድብላቸው እንደሆነ፣ መተዳደሪያ ደንባቸውንም ለእኛ ማካፈል ይችሉ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ደንቡን ካገኘሽው፣ የአባልነቱን አንቀጽ በአማርኛ መልሰሽ አስቀድመሽ ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ላነብላቸው እፈልጋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ