ተኩላው የት ገባ? ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ?

«የእሳት ወፍ» የተባለውን የባሌት ዳንስ ከቡድንሽ ጋር ልትሠሩ ነው ብለሽ ስትጽፊልኝ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ተኩላው የት ገባ ብለሽ ነው። ልክ ነሽ፤ በሩሲያ ተረት ልዑል ኢቫንን ጀርባው ላይ ጭኖ የሚዞረው ግራጫ ተኩላ ነው። የማይሞተው ክፉ ጠንቋይ ካሽቼይ ደግሞ የሌላ ተረት ሰው ነው። የዳንሱ ቀማሪ ፎኪን እ.ኤ.አ. በ1910 ፓሪስ ላይ በዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን ዳንሱን ሲያወጣ ወፏና ካሽቼይ አንድ ላይ ተሰፉ፣ ተኩላው ቀረ። የካሽቼይም ሞት አጠረ። በተረቱ ሞቱ መርፌ ጫፍ ላይ ነው፤ መርፌው እንቁላል ውስጥ፣ እንቁላሉ ዳክዬ ውስጥ፣ ዳክዬዋ ጥንቸል ውስጥ፣ ጥንቸሏ ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ ከባሉጥ ዛፍ ሥር። ይህን ሁሉ በእጅ ምልክት ላስረዳ ያለ ዳንሰኛ ተመልካቹን ያስተኛዋል። እንቁላሉ ይበቃል፤ እሱ ወለል ላይ ሲሰበር ካሽቼይ ይሞታል።

እሱንም የኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው ሊያየው ይገባል፤ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ይሁን። ከጂፕሰም እንዳትሠሩት፤ ስብርባሪው ወለሉ ላይ ቀርቶ ቀጥሎ የሚገቡትን ይጥላል። ወረቀት በሙጫ ደራርባችሁ ሁለት ግማሽ ቅርፊት ሥሩ፣ መጋጠሚያውን በስስ ወረቀት ለጥፉት። ወለል ሲመታ ይከፈታል። በዚያው ቅጽበት መብራት ይጥፋ፤ ሙዚቃውም ለጨለማው ጊዜ ሰጥቷል፣ እናንተም ቅርፊቱን ታነሣላችሁ።

ፎኪን ማን ከየትኛው ዓለም እንደመጣ ያሳየው በእግር ነው። በጣት ጫፍ በሚያስቆመው በፖይንት ጫማ የምትቆመው ወፏ ብቻ ናት። ካሽቼይ የያዛቸው ልዕልቶች የወርቅ ፖም እየተወራወሩ መሬት ረግጠው ይጫወታሉ፤ የካሽቼይ ጭፍሮች ጎብጠው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ይዘላሉ። «ልዕልቶቹም ፖይንት ያድርጉ፣ ያምርባቸዋል» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እሺ አትበይው፤ ያኔ ወፏ ከሌሎቹ አንዷ ትሆናለች።

አንቺም በሌላ ባሌት ስዋን የምትባለውን ነጭ የውሃ ወፍ ስትሆኚ የለመድሽውን ለስላሳ ክንድ ተዪው። ይህች የተያዘች የዱር ወፍ ናት፦ ክርን ሰበር፣ ጣት ፈጠን፣ አንገት ወዲያ ወዲህ። ኢቫን ሲይዝሽ ዓይን ዓይኑን ካየሽው የፍቅር ጭፈራ ይመስላል፤ መውጫውን እዪ። ለነፃነትሽ የምትሰጪው ላባ በክር ከተሰፋ አይወጣም፣ እንዲሁ ከተሰካም በዝላይ ይወድቃል። ተጭኖ በሚገጥም አንድ ቁልፍ ደረትሽ ላይ ይያዝ።

የጭፍሮቹ ጭፈራ ላይ የሙዚቃው ደራሲ የስትራቪንስኪ ዜማ የሚገባው በምትና በምት መካከል ነው፤ ዜማውን የተከተለ ይጠፋል። ከሥር ያለውን ምት ስሙ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ቆጠራው ሰባት ይሆናል። እስከ ስምንት መቁጠር የለመደ ሁሉ ስምንተኛውን ሲጠብቅ ይዘገያል። በልምምድ ጊዜ «ሰባት» ላይ አጨብጭቡና ወዲያው «አንድ» በሉ።

እንቁላሉን ግን ሦስት አራት አድርጋችሁ ሥሩ፤ በልምምድ ያልቃል።

እናትሽ