ለቴነሲ ተወካዮች፦ 650ን ከመኪናችን አታስወጡብን

በዋሽንግተን የቴነሲን ሕዝብ ለምትወክሉ የሴኔትና የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣

ጤና ይስጥልኝ። ናሽቪል የምኖር ኢትዮጵያዊ ሹፌር ነኝ። ሥራዬ ሌሊት ነው። ከኤርፖርት ሰው አንስቼ ሆቴል አደርሳለሁ፤ አንዳንዴም እስከ ቻታኑጋ እሄዳለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት እንደኔ መሪ ጨብጠው የሚያድሩ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። እንግሊዝኛውን ልጄ ተርጉማ ለየቢሮአችሁ ትልካለች።

ጉዳዬ ሬዲዮ ነው። ባለፈው ዓመት መኪና ልቀይር ሄጄ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በጣም ወደድኩ። ገብቼ ሬዲዮውን ስከፍት ኤፍኤም አለ፣ ኤኤም የሚባለው የድሮው የሬዲዮ ሞገድ ግን የለም። ሻጩን ስጠይቀው «አፕ አውርደህ በስልክህ ትሰማለህ» አለኝ። ሞንትኢግል ተራራ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አፑ ምን ይሠራልኛል? ሳልገዛ ወጣሁ።

ኤኤም 650፣ ማለትም ደብልዩ ኤስ ኤም፣ ለዚህ ከተማ ዝም ብሎ ጣቢያ አይደለም። ሥርጭት የጀመረው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ቀን 1925 ነው። ያቋቋመው የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ሦስቱ ፊደላትም «ለሚሊዮኖች ጋሻ ነን» ከሚለው የኩባንያው መፈክር የተወሰዱ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኖቬምበር 28፣ አንክል ጂሚ ቶምሰን የሚባሉ የ77 ዓመት ሽማግሌ ፊድላቸውን ይዘው ማይክራፎን ፊት ተቀመጡ። ፊድል እኛ ቫዮሊን የምንለው ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ስሰማ የሚታየኝ ማሲንቆ የያዘ የጎንደር አዝማሪ ነው። አዛውንቱ አንድ ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ያች የቅዳሜ ምሽት ዛሬም ድረስ አልተቋረጠችም፤ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የምንለው የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ የሬዲዮ ዝግጅት እሷ ናት። ናሽቪልን «ሙዚክ ሲቲ» ብሎ የጠራትም በ1950 የዚሁ ጣቢያ አስተዋዋቂ ነው።

«ኦፕሪ» የሚለው ስም የወጣው ዲሴምበር 10 ቀን 1927 ነው። ከኒው ዮርክ የሚተላለፍ የክላሲክ ሙዚቃ ፕሮግራም እንዳለቀ ዲፎርድ ቤይሊ የተባለ ጥቁር ወጣት ሃርሞኒካውን አፉ ላይ ደግኖ ባቡር አስመሰለ። ባቡሩ ከሩቅ ይመጣል፣ ያፏጫል፣ ያልፋል። አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ እስካሁን የሰማችሁት ግራንድ ኦፔራ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን ግራንድ ኦል ኦፕሪ ነው አለ፤ ኦፔራን በገጠሬ አነጋገር መጥራቱ ነበር። ስሙ በዚያው ጸና።

ቤይሊ የባሪያ የልጅ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ሰውነቱ ትንሽ ቀረ። አድማጭ ይወደዋል፤ ለጉብኝት ሲወጡ ግን ነጮቹ ባልደረቦቹ የሚያድሩበት ሆቴል አያስገባውም። በ1941 በሙዚቃ መብት ክፍያ ውዝግብ ሰበብ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ በዚችው ከተማ ጫማ ሲጠርግ ኖረ። ያረፈው በ1982 ነው፣ የካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ የገባው ደግሞ በ2005። ይሄ ያንገበግበኛል። ጣቢያው ይቆይ ስል ይህም አብሮ ይነገር ማለቴ ነው። ካንትሪ የነጭ ሙዚቃ ብቻ ነው ለሚለኝ ተሳፋሪ ሁሌም የምነግረው የቤይሊን ታሪክ ነው።

በ65 አውራ ጎዳና ወደ ብሬንትዉድ ስትወርዱ የጣቢያውን ማማ ታዩታላችሁ። ክር የጠገበ እንዝርት ይመስላል፤ ከላይም ከታችም ቀጥኖ ወገቡ የሰፋ። በ1932 ሲቆም 878 ጫማ ነበር፣ በኋላ ጥቂት ተቀንሶለታል። በ50,000 ዋት ነው የሚያስተላልፈው። የኤኤም ሞገድ ደግሞ ሲመሽ ከሰማይ ላይ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። አትላንታ ያለ ጓደኛዬ ሌሊት ይደውልልኝና አንድ ዘፈን እኩል እንሰማለን። እሱም ሹፌር ነው። ኬኒ ሮጀርስን ሁለታችንም የለመድነው አዲስ አበባ ነው።

በሜይ 2010 ጎርፍ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ የኦፕሪው አዳራሽ ውኃ ገባው፣ ስቱዲዮውም ተዘጋ። ሠራተኞቹ ማማው ሥር ወዳለው አሮጌ ቤት ሄደው ከዚያ አስተላለፉ። በ2002 ደግሞ ባለቤቶቹ ካንትሪውን ትተው ስፖርት ሊያደርጉት አስበው ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፣ ተዉት። አሁን ግን ጣቢያው አልሄደም፤ እየተነቀለ ያለው መቀበያው ነው።

የመኪና ፋብሪካዎች የኤሌክትሪክ ሞተር ኤኤምን ይረብሻል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይረብሻል። ግን ረብሻውን መከለል ይቻላል፤ ኤኤም ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። ፎርድም ከአዲሶቹ መኪኖቹ ሊያወጣው ካሰበ በኋላ በ2023 ሐሳቡን ቀይሯል።

በዚያው ዓመት ኤኤም በየመኪናው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲገባ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤታችሁ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በ2025 እንደገና ቀርቧል። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ናቸው ያቀረቡት። እባካችሁ ደግፉት። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊትም ናሽቪል ስትመጡ አንድ ቅዳሜ ማታ ከኤርፖርት እኔው ልውሰዳችሁ። 650 ላይ እከፍተዋለሁ፤ ኦፕሪው በዚያ ሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል። ሒሳብ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኖሌንስቪል ፓይክ አንድ የሌሊት ሹፌር