ተከታይ እንግዛ ላልሽኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም እህትሽም ሰላም ብለውሻል። ክረምቱን ሽሮ ሜዳ ባለው የሐበሻ ልብስ ሱቃችን ውስጥ አብረሽኝ እንደምትሠሪ ስትነግሪኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የሱቁን ቴሌግራምና ቲክቶክ ሙሉ በሙሉ ላንቺ ልሰጥሽ ወስኛለሁ።

ባለፈው በስልክ "እማዬ፣ ለምን ተከታይ አንገዛም?" አልሽኝ። በችኮላ መመለስ አልፈለግሁም። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርስ ስለዚህ ነገር ብዙ አሳይቶኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

መልሴ አይሆንም ነው።

የተገዛ ተከታይ ቀሚስ እንደማይገዛ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ከዚያ የባሰ ጉዳት አለው። ቲክቶክም ፌስቡክም የለጠፍሽውን ቪዲዮ ወዲያው ለሁሉም አያሳዩትም። መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ያሳያሉ። እነሱ እስከ መጨረሻው ካዩት፣ አስተያየት ከጻፉበት፣ ለጓደኛ ከላኩት ለሌሎችም ያዳርሱታል። ዝም ብለው ካለፉት እዚያው ይቀራል። ተከታዮችሽ የውሸት አካውንቶች ከሆኑ ማን ያየዋል? ቪዲዮው እውነተኛዋ ደንበኛችን ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ፖስት ስንት ሰው እንዳየው ከሥሩ ይታያል። ሠላሳ ሺህ ተከታይ አለኝ የሚል ቻናል የለጠፈውን ሦስት መቶ ሰው ብቻ ሲያየው ገዢ ያስተውላል። ውጭ አገር ያለች ደንበኛ ገንዘቧን የምትልከው ዕቃውን በእጇ ሳትነካ ነው። አንዴ ከጠረጠረች አለቀ፣ አትመለስም።

ታዲያ ምን እናድርግ ትይኝ ይሆናል። ከኮርሱ ሁሉ ውስጤ የቀረው አንድ ነገር ነው። ገዢዋ ልትጠይቅ የምትፈልገውን ሳትጠይቅሽ በፊት በግልጽ ንገሪያት።

መምህራችን በየሙያችን ያሉ ነጋዴዎች ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚሸጡ አይታችሁ ኑ ብሎን ነበር። እኔ የሐበሻ ልብስ የሚሸጡትን አየሁ። ፎቶው ያምራል። ከሥሩ ግን "ዋጋ በውስጥ መስመር" ይላል። ሌላ ነገር የለም። ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ጎረቤት ነጋዴ ዋጋቸውን እንዳያይባቸው ይፈራሉ። ደግሞም ሰው አንዴ ካናገራቸው አግባብተው እንደሚሸጡለት ያምናሉ። አሁን ግን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት ነርስ አስቢ። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ቤቷ ገብታለች። የእህቷ ሠርግ ደርሷል። ስልኳ ላይ ቀሚስ ታያለች። ማወቅ የምትፈልገው ስንት ነው፣ ጨርቁ ፈትል ነው ወይስ መነን፣ ጥለቱ የእጅ ነው የማሽን፣ ነጠላው አብሮ አለ ወይ፣ መቼ ይደርስልኛል የሚለውን ነው። ይህን ለማወቅ መልእክት ጽፋ እኛ እስክንመልስላት የምትጠብቅ ይመስልሻል? ቀጣዩን ቻናል ትከፍታለች እንጂ።

ስለዚህ ዋጋውን ጻፊ። ጥለቱ በእጅ የተሠራ ከሆነ ሸማኔው ስንት ቀን እንደፈጀበት ጻፊ። ያኔ ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ራሷ ትረዳለች። የማሽን ከሆነም የማሽን ነው በዪ። የማሽን ጥለት የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ፣ ርካሽ ነው፣ ለማጠብም ይቀላል። የማሽኑን የእጅ ነው ብሎ መሸጥ ግን የዶርዜ ሸማኔዎች መጥተው እዚህ ሰፈር ያቆሙትን ሙያ መግደል ነው። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልስማማም።

ፎቶውም እንደዚሁ ነው። አንድ ቀሚስ በሁለት ዓይነት ፎቶ አውጥተን ሞከርን። አንዱ የሱቁ አሻንጉሊት ለብሶት የተነሣ ነው። ሌላው ጥለቱ ብቻ ከቅርብ የተነሣ፣ ክሩ የሚታይበት። ጽሑፉን፣ ዋጋውን፣ ሰዓቱን አልቀየርንም፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። የመጀመሪያው ብዙ ላይክ አገኘ። "እንዴት ልዘዝ?" ብለው የጻፉት ግን በብዛት ሁለተኛውን ያዩት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ላይክ መቁጠር ትቻለሁ። ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ አዘዘ፣ ስንቷ ተመልሳ መጣች የሚለውን ደብተር ላይ እይዛለሁ። አንቺም እንድትቀጥዪው እፈልጋለሁ።

ጉግል ላይ ማስታወቂያ ስናወጣ ብዙ የከፈለ ሁልጊዜ ከላይ አይወጣም። ነገሩ ጨረታ ነው፤ ግን ከገንዘቡ ሌላ ማስታወቂያው ሰውዬው ለፈለገው ነገር ምን ያህል እንደሚስማማ፣ ሲጫነው የሚከፈትለት ገጽም ምን ያህል እንደሚጠቅመው ይመዝናሉ። የሠርግ ቀሚስ ብለሽ ጠርተሻት የልጆች ልብስ ካሳየሻት ትወጣለች፣ አንቺም ለሚቀጥለው ብዙ ትከፍያለሽ። ውጭ ያደጉት ልጆች ደግሞ ሲፈልጉ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። ስለዚህ የልብሱን ስም በሁለቱም ፊደል አድርጊው። የማስታወቂያው ክፍያ በዶላር ስለሆነ እስካሁን አክስትሽ ናት በካርዷ የምትከፍልልን። ያለ ምክንያት አንድ ዶላር እንዳታባክኚባት።

መምህራችን የነገረን አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በጥቅምት ወር፣ ሆትዋየርድ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ማስታወቂያ ወጣ። ከመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች አንዱ ነው። ካዩት ሰዎች 44 በመቶው እንደተጫኑት ይነገራል። ዛሬ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካዩት መቶ ሰዎች አንድ እንኳ ቢጫነው ጥሩ ነው። ሰው ሰለቸው። ሁሉም ስለጮኸበት ዓይኑ ማስታወቂያ መዝለል ለመደ። በቀን አሥር ጊዜ አትለጥፊ የምልሽ ለዚህ ነው።

ጊዜውን ግን ጠብቂ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ? ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ በታኅሣሥ ማስተዋወቅ ከጀመርሽ ለውጭ ደንበኛ ረፍዷል። ሽመናው ሳምንታት ይፈጃል፣ ጥልፍና ስፌት አለ፣ ከዚያ መንገድ አለ። ከጥቅምት ጀምሪ። ሰዓቱንም አስቢበት። በእነሱ በጋ ዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። መነሣት የለብሽም፣ ቴሌግራም ሰዓት ሞልተሽለት ራሱ ይለጥፈዋል። ለአዲስ አበባ ደንበኞች ደግሞ ቴሌብር የምንቀበል መሆኑን አትርሺ።

አሁን በጣም የምጠነቀቅለትን ልንገርሽ። በሱቁ ስልክ ውስጥ የብዙ ሴቶች ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ አለ። የደረታቸውና የወገባቸው ልኬት ሳይቀር አለ። አምነውን ነው የሰጡን። ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ፤ "ቁጥራቸውን ሽጪልኝ" የሚል ሰው ከመጣም መልሺው። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። አዋጁ ባይኖርም ግን ያው ነው የምልሽ። ሙሽራ ፎቶዋን ብትልክልን ሳታስፈቅጂ እንዳትለጥፊ። እሺ ካለችም ስሟ እንዲጻፍ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት። ማስታወቂያ ላኩልኝ ያላለንን ሰው በየበዓሉ በመልእክት አናስቸግርም።

ሱቁን ለሃያ ዓመት ያቆመው አንዷ ደንበኛ ለሌላዋ መንገሯ ነው። ኮርሱ ያንን አልሻረብኝም። ባሕር ማዶ ላለችውም እንዲደርስ እንዴት እንደማደርገው ነው ያሳየኝ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ስልኩን ታውቂበታለሽ፣ ቪዲዮ መቁረጥም ትችያለሽ። እኔ ጨርቁን አውቃለሁ። አብረን ብንሠራ የትም እንደርሳለን ብዬ አምናለሁ።

ከመምጣትሽ በፊት አንድ ሥራ ልስጥሽ። የሦስት ቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። የፈትሉን ዓይነት፣ የጥለቱን አሠራርና ዋጋውን ከሥሩ ጽፌልሻለሁ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አዘጋጂና ላኪልኝ። ነርሷ ብታነበው የቀራት ጥያቄ አለ ወይ እያልሽ ጻፊው። ቅዳሜ ማታ ደውዪልኝና አብረን እናየዋለን።

እናትሽ