የማስቶዶን አዲስ ተመዝጋቢ ሁሉ ለምን ወደ አንድ ሰርቨር ይላካል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ትዊተርን ከገዛ በኋላ ማስቶዶን ወደተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ከተሻገሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ማስቶዶን በአንድ ኩባንያ እጅ ያለ መድረክ ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለቤት፣ ደንብና ተቆጣጣሪ ያላቸው በርካታ ሰርቨሮች (የተጠቃሚዎችን መለያና ጽሑፍ የሚይዙ ኮምፒውተሮች) የተሳሰሩበት መረብ ስለሆነ፣ ለመመዝገብ አስቀድሞ ሰርቨር መምረጥ ግድ ይል ነበር። የቀረበልኝን ረጅም ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ባየው የቱን ከየቱ እንደምለይ ስላላወቅሁ፣ ስልኬን አስቀምጬ ተኛሁ። በማግስቱ ስሙ ደስ ያለኝን አንዱን ያዝሁ፤ እንዲህ ያለ አመራረጥ ለሎተሪ እንጂ ለቤት አይሆንም።

የማስቶዶን ሠሪዎች ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 መተግበሪያቸው አዲስ ተመዝጋቢውን ማስቶዶን ሶሻል ወደተባለው፣ ራሳቸው ወደሚያስተዳድሩት ሰርቨር እንዲመራው አደረጉ። ሌላ መምረጥ አልተከለከለም፤ ሆኖም የቸኮለ ሰው ከፊቱ ያገኘውን ቁልፍ ይነካል እንጂ ሁለተኛውን መቼ ያነባል? መግቢያው መቅለሉን እደግፋለሁ። የምቃወመው ሁሉም በአንድ በር ገብቶ በአንድ ቤት እንዲያድር መደረጉን ነው። አንዱ ሰርቨር ከሌሎቹ ሁሉ ከገዘፈ፣ ትንንሾቹ በደንቡ ባይስማሙም እንኳ ከእርሱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ለመዝጋት አይደፍሩም፤ ቢዘጉ ደንበኞቻቸው ከብዙ ወዳጆቻቸው ይቆራረጣሉና። ኢሜይልም ማንም በራሱ ሰርቨር ሊልከው የሚችል ነገር ነው፤ ዛሬ ግን መልእክቱ እንዲደርስለት የሚፈልግ ሁሉ ጂሜይል የሚጠይቀውን ማሟላት አለበት።

ከዚህ የባሰው የቁጥጥሩ ነገር ነው። በነበርሁበት ሰርቨር ሰውን በብሔሩ የሚያዋርድ የአማርኛ ጽሑፍ አይቼ ሪፖርት ባደርግ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የደረሰኝ መልስ ጽሑፉ በማሽን ተተርጉሞ ሲታይ ነውር አልተገኘበትም የሚል ነበር። ስድቡ የተነገረው በቅኔ ነበር፤ ማሽኑ ሰሙን ተረጎመ፣ ወርቁ አመለጠው። ስለዚህ መተግበሪያው አዲስ ተመዝጋቢውን በምን ቋንቋ እንደሚጽፍ ጠይቆ፣ ቋንቋውን የሚያነብ ተቆጣጣሪ ካላቸው ጥቂት ሰርቨሮች ወደ አንዱ በየተራ ቢያስገባው ይሻላል። የሰርቨሮቹን አስተማማኝነት ለመመዘን አዲስ መስፈርት መፈልሰፍ አያስፈልግም። ማስቶዶን ለሚያስተዋውቃቸው ሰርቨሮች ያወጣው ቃል ኪዳን በየቀኑ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝን፣ ለመዝጋት ሲታሰብም የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠትን ያዛል።

«ካልተመቻችሁ ኋላ ትቀይራላችሁ» የሚሉ አሉ። እኔ ቀይሬአለሁ፤ ተከታዮቼ አብረውኝ ሲመጡ ጽሑፎቼ ግን እዚያው ቀሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ