በጎዛምን ለሚሠሩ የልጆች የሩጫ መንገዶች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጎዛምንና የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም የምትኖሩ ወዳጆቻችን፤

በመንደራችን ዙሪያ ሦስት የሩጫ መንገዶች ለመሥራት ተነሥተናል። አንደኛው ለትንንሾቹ የሚሆን 3 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 6 ኪሎ ሜትር፣ ሦስተኛው ወደ ጮቄ አቅጣጫ ሽቅብ የሚወጣ 11 ኪሎ ሜትር ነው። መሬቱ ተገኝቷል፣ ሕዝቡ ተስማምቷል፣ ጉልበትም ሞልቷል። የጎደለን ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ይህን ጥሪ ለእናንተ እንጽፋለን።

አካባቢውን ለማታውቁት፦ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻም ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የጮቄ ተራራ ይወጣል። የእኛ መንደር በዚህ ከፍታ ግርጌ፣ ገና ለጥ ባለው ምድር ላይ ናት። አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ የሚያድግ ልጅ ሰውነቱ ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ያመርታል፤ የአርሲዋ በቆጂም ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በእንዲህ ያለ ደጋ ላይ ነው። ከፍታው ለእኛም ተሰጥቶናል። የሚሮጡበት መሬት ግን ለልጆቻችን አልተመቻቸላቸውም።

እኔ በመንደሩ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የሚለማመዱት በአስፋልቱ ዳር ነው። አስፋልት ገና ያልጠነከረ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያደክማል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ተሽከርካሪው ነው። ጎሕ ሲቀድ የጭነት መኪናና ባጃጅ በሚሽቀዳደሙበት ጠርዝ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ሲሮጥ ቆሞ ማየት ይከብዳል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪያችን መኪና ሲሸሽ ቦይ ውስጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን፣ በተለይም ሴቶቹን፣ ከልምምድ አስቀርተዋል። ልጄን ብለው ያደረጉት ስለሆነ አልወቅሳቸውም። አዲሶቹ መንገዶች ደግሞ በቤቶች ፊት ለፊት፣ በገላጣው በኩል እንዲያልፉ ያደረግነው እናቶች ከየደጃቸው ሆነው ልጆቻቸውን እንዲያዩ ብለን ነው።

ዋናው መንገድ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ይነሣና የባሕር ዛፉን ጥግ ይዞ ወደ ግጦሹ መስክ ይወርዳል። መስኩ ለሩጫ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ሣሩን ከብት እየጋጠ ስለሚያሳጥረው እግር ሲያርፍበት ለስለስ ይላል፤ ቁርጭምጭሚት የሚያዞር ድንጋይም የለበትም። ከመስኩ በታች ግን ወደ ጅረቱ የሚያደርሰው 400 ሜትር ያህል መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ እያወለቀ ያስቀራል፤ በጋው ሲጠና ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀጥሎ ወደ ጨሞጋ ወንዝ የሚገባው ጅረት አለ። በኅዳር ልጆች በአንድ ዝላይ ይሻገሩታል፤ በሐምሌ ግን ደፍርሶ ዳር እስከ ዳር ይሞላል። አሁን ያለው መሻገሪያ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ተማሪ ብቻ ሳይሆን ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶችም ሸክማቸውን ይዘው የሚያልፉት በዚሁ ላይ ነው።

መሬቱ እንዴት እንደተገኘ ልንገራችሁ። መንገዱ በማሳቸው ጠርዝ የሚያልፍ ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ከወሰናቸው አንድ ሜትር ተኩል ለቀዋል፤ ያለ አንዳች ክፍያ። በጎጃም ወሰን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ክንድ መሬት ስንት ወንድማማች ተካስሷል። አንድ አባት በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ «መምህር፣ ልጆቹ ይሩጡ፤ ጤፌ ሲያሸት ግን ማሳውን እንዳያቋርጡብኝ አደራ» አሉኝ። አደራቸውን ተቀብለናል፤ በማሳው ጥግ ላይ ሁሉ የድንጋይ ምልክት ይቆማል። ንብ አናቢዎችም ኑግ በሚያብብበት ወቅት መንገዱ በቀፎዎቻቸው አጠገብ እንዳያልፍ ጠይቀዋል። የላብ ሽታ ንብን እንደሚያስቆጣ ስለምናውቅ ያንን ክፍል በዋርካው በኩል አዙረነዋል። በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያም ቅዳሴ ሳያልቅ ሩጫ አይኖርም።

ለሥራው በጠቅላላ 460,000 ብር ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 240,000 ብሩ በጅረቱ ላይ ለሚሠራው የእግረኛ ድልድይና ዳርቻውን ከጎርፍ ለሚጠብቀው ጋቢዮን (በሽቦ መረብ ውስጥ የሚሞላ የድንጋይ ግድግዳ) ነው። 130,000 ብሩ ዋልካውን በድንጋይና በቀይ አፈር ከፍ አድርጎ ግራና ቀኙን ቦይ ለማውጣት ይውላል። ቦዩ ብዙዎች ችላ የሚሉት ነገር ነው፤ ውኃው መውጫ ካላገኘ ግን የቱንም ያህል ድንጋይ ብናፈስ በሁለት ክረምት ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ቀሪው 90,000 ብር ለርቀት ምልክቶች፣ ለውኃ ማጠራቀሚያ ታንከርና ለመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ዕቃ ነው። የመንደሩ ሰው ከየቤቱ አዋጥቶ 62,000 ብር ሰብስቧል። ድንጋዩን፣ አሸዋውንና የጉልበት ሥራውንም በደቦ ይሸፍናል። ከእናንተ የምንጠይቀው ቀሪውን 398,000 ብር ነው።

ገንዘብ ለማይመቻችሁ ሌላም መንገድ አለ። ያገለገለ ነገር ግን ሶሉ ያላለቀ የመሮጫ ጫማ ላኩልን፤ ከ36 እስከ 42 ቁጥር ያለው በጣም ይፈለጋል። አሁን ከልጆቹ የሚበዙት የሚሮጡት በኮንጎ ጫማ ወይም በባዶ እግር ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል፤ እሾህ በበዛበት መንገድ ላይ ልጆችን በባዶ እግር ለማሠልጠን ግን ይህ ምክንያት ሊሆነን አይችልም። መሐንዲስ የሆናችሁ ደግሞ የድልድዩን ንድፍ ብታዩልን ትልቅ ውለታ ነው።

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ከሦስቱ አንዷ የተማሪ እናት ናቸው። የሂሳብ ቁጥሩን በአደባባይ ያልጻፍነው አጭበርባሪዎች በስማችን ሌላ ቁጥር እንዳያሠራጩ ሰግተን ነው፤ በግል ከምታውቁት የኮሚቴ አባል ብቻ ተቀበሉ። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

የሰኔ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ድልድዩ መቆም ስላለበት ሥራው የሚጀመረው አዝመራው እንደተሰበሰበ፣ በጥር ወር ነው። በዓል ካልዋለበት በስተቀር ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ሁላችንም ጅረቱ ዳር ነን። መምጣት የምትችሉ አካፋና ጓንት ይዛችሁ ኑ፤ እህል ውኃው ከእኛ ነው።